«ማዮማ» የሚለው ቃል ከስልኬ ወጥቶ ሳሎን ተገኘ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ38 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ሐኪም ማዮማ (ማህፀን ላይ የሚወጣ ዕጢ) እንዳለብኝ ነገረኝ። ለባለቤቴ አልደበቅሁትም፤ ከእሱ ውጭ ግን ማንም እንዲሰማ አልፈለግሁም። ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ በስልኬ ስለ ቀዶ ጥገናው አነባለሁ። አንድ ቅዳሜ ትልቁ ልጄ ስለ ማይጨው ጦርነት የተሰጠውን የቤት ሥራ ሊሠራ ሳሎን ባለው ላፕቶፕ ተቀመጠ። ገና ‹ማ› ብሎ ሲጀምር ‹ማዮማ ማህፀን ያስወጣል ወይ› የሚል መስመር ከሥሩ ብቅ አለ። የባለቤቴ እህት የቡና ስኒዋን ይዛ ከጀርባው ቆማ ነበር። በነጋታው አማቴ ደውለው ‹ምነው ልጄ፣ ደበቅሽን?› አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ‹ማንነት የማያሳውቅ› የሚለውን መስኮት ብቻ ነው የምከፍተው፤ እሱንም ማመን አቃተኝ። ስልኬ አንድሮይድ ነው፤ ክሮም አለኝ፣ ዳታ እንዲቆጥብልኝ ደግሞ ኦፔራ ሚኒ እጠቀማለሁ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው። መሥሪያ ቤትም ኮምፒውተር አለኝ። እናቴ ደግሞ እህቴ ከሜሪላንድ የላከችላት አይፓድ አላት፤ ‹የእኔንም አብረሽ ጠይቂልኝ› ብላኛለች። አንዱ ባልደረባዬ ‹ብሬቭ ጫኚ› ይለኛል፤ ሌላው ‹ከቶር በቀር ሁሉም ውሸት ነው› ይላል። የትኛውን ብሮውዘር ልያዝ?

ሰ. ከአዳማ»

እህቴ ሰ.፣

አስቀድሞ ምሕረቱን ያውርድልሽ። ማዮማ ብዙ ሴት የሚያገኝ ነገር መሆኑን ሐኪምሽ ሳይነግርሽ አይቀርም፤ ማህፀን ያስወጣል ወይስ አያስወጣም የሚለውን ለእሱ ትቼ፣ ቃሉ ከስልክሽ እንዴት እንደወጣ ልንገርሽ።

በብሮውዘሩ ላይ አትፍረጂ። እንደሚመስለኝ አንድ ቀን፣ ምናልባት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ልታዪ ብለሽ፣ ላፕቶፑ ላይ ጂሜይልሽን ከፍተሽ ሳትዘጊው ተነስተሻል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክሽና ላፕቶፑ በጉግል ዘንድ የአንድ ሰው ዕቃ ሆነው ተቆጥረዋል። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽና ይገባሻል፦ ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች በአንድ መዝገብ ላይ ሲጽፉ አንዱ ያስገባውን ሌላው ያየዋል። መዝገቡ ያለው ጉግል ዘንድ ነው። ማታ መኝታ ቤት የጻፍሽው ጥያቄ እዚያ ሰፈረ፤ ቅዳሜ ልጅሽ «ማ» ሲል ላፕቶፑ ያንኑ መዝገብ ገልጦ አሳየው። ስለዚህ የባልደረባሽን ምክር ሰምተሽ ስልክሽ ላይ ብሬቭ ብትጭኚም፣ ያው አካውንትሽ ውስጥ ገብተሽ በጉግል እስከፈለግሽ ድረስ፣ ማይጨው ሲፈለግ ማዮማ መምጣቱ አይቀርም።

ከሁሉ በፊት እንግዲህ ላፕቶፑ ላይ ያለውን አካውንትሽን ዘግተሽ ውጪ። ቀጥሎ ዊንዶውሱ ላይ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱን መግቢያ ክፈቺ፤ ለልጅሽ የእሱን፣ ለባለቤትሽ የእሱን፣ ለራስሽ ደግሞ የይለፍ ቃል ያለው። በአንድ መግቢያ አምስት ሰው የሚጠቀምበት ላፕቶፕ ላይ የቱንም ብሮውዘር ብትጭኚ ጓዳና ሳሎኑ አንድ ነው። ከዚያ በጉግል አካውንትሽ ውስጥ «የእኔ እንቅስቃሴ» የሚለውን ገጽ ክፈቺ። የፈለግሽው ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተዘርዝሮ ታገኚዋለሽ፤ አትደንግጪ፣ ሁላችንም ዘንድ እንዲያው ነው። የማትፈልጊውን ሰርዢ። ወደፊት ከ3 ወር ያለፈውን በራሱ እንዲያጠፋ፣ ወይም ጭራሽ እንዳይመዘግብ ማዘዝ ይቻላል። እኔ ብሆን እንዳይመዘግብ ነበር የማዘው።

አሁን ወደዚያ ወደ «ማንነት የማያሳውቅ» መስኮት እንምጣ። ስሙ ከሥራው ይበልጣል። ስትዘጊው ያየሽውን የሚረሳልሽ መሣሪያው ብቻ ነው፤ የጎበኘሽው ድረ ገጽ፣ ኢንተርኔቱን የሚያቀርብልሽ ድርጅት፣ በመሥሪያ ቤት ከሆነም የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ምንም አይረሱም። በዚሁ ነገር አሜሪካ ውስጥ ሰዎች በ2020 ጉግልን ከሰሱ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ክርክሩ በስምምነት አልቆ ዝርዝሩ በ2024 ይፋ ሲሆን፣ ኩባንያው በዚህ መስኮት ከተጠቀሙ ሰዎች የተሰበሰበ በቢሊዮን የሚቆጠር መረጃ ሊያጠፋና ለተጠቃሚው የሚያሳየውን ማሳሰቢያ ሊያስተካክል መስማማቱ ታወቀ። ይሁንና እውነቱን ለመናገር፣ አንቺ ላይ ለደረሰው፣ ስኒ ይዛ ከጀርባ ለምትቆም ሰው፣ ያ መስኮት ይበቃ ነበር፤ በውስጡ ወደ አካውንትሽ እስካልገባሽ ድረስ።

ኢንተርኔት አቅራቢው ምን ያያል ትዪኝ እንደሆነ፣ ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ተመስጥሮ ስለሚላክ የድረ ገጹን ስም ያያል እንጂ የትኛውን ገጽ እንዳነበብሽ አያይም። የታክሲ ረዳት «ወራጅ አለ» ብለሽ የት እንደወረድሽ ያውቃል፤ ማን ቤት ገብተሽ ምን እንዳወራሽ ግን አያውቅም።

ስለ ኦፔራ ሚኒ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን ኢንተርኔትን መጀመሪያ ያየነው በእሱ መስኮት ነውና። ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ደብዳቤ አንባቢ ነበርኩ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ልጆቻቸው ከዓረብ አገር የጻፉላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ረጅሙን ሰላምታ እየዘለልኩ ፍሬ ነገሩን እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ቆሎ ይዘግኑልኛል። የማን ልጅ ስንት ብር እንደላከ፣ የማንኛዋ ከአሠሪዋ ጠፍታ እንደወጣች በሰፈሩ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ኦፔራ ሚኒም ዳታ አጥብቆ በሚቆጥብበት ሁነታ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ገጹን የሚከፍተው የኩባንያው ኮምፒውተር ነው፤ ሥዕሉን ያሳንሳል፣ ጽሑፉን ይጨምቃል፣ ጭማቂውን ወደ ስልክሽ ይልካል። ሊያሳጥረው ደግሞ ሊያነበው ግድ ነው። ተመስጥሮ የመጣውም ደብዳቤ እዚያ ይፈታል። በ2006 ለዓለም ሁሉ ሲቀርብ ለደካማ ስልክና ለውድ ኢንተርኔት ትልቅ ውለታ ነበር፤ ውለታውን አልክድም። ኩባንያው ኖርዌይ ውስጥ ተወልዶ በ2016 ብሮውዘሩ ለቻይና ባለሀብቶች ስብስብ ተሽጧል። ማንም ይያዘው ማን፣ ስለ ማህፀንሽ የምታነቢውና የባንክሽ የይለፍ ቃል በደብዳቤ አንባቢ እጅ ማለፍ የለባቸውም። እኔ ያኔ ምሥጢር ጠባቂ ነበርኩ፤ ግን ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ለቆሎም እሸነፍ ነበር።

ከእሱ የባሰም ነበረ። ዩሲ ብሮውዘር የሚባለውን፣ በአንድ ወቅት በየሰው ስልክ ላይ የነበረውን፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2015 መርምሮ የስልኩን መለያ ቁጥርና የፍለጋ ቃላትን ሳይመሰጥር ሲልክ አግኝቶታል። ሲቲዝን ላብን ታውቂው ይሆናል፤ በ2014 በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ላይ ስለተሞከረ የስለላ ሶፍትዌር የጻፈው እሱ ነው። ስልክሽ ተገዝቶ ሲመጣ ሳትጠይቂው አብሮ የመጣ፣ በየሰዓቱ ወሬ የሚያቀብል ብሮውዘር ካለም አትክፈቺው፤ ማጥፋት ከተቻለ አጥፊው።

ክሮምስ? ክሮም ከደኅንነት አንጻር ጠንካራ ብሮውዘር ነው፤ ሌባ አያስገባም። ነገር ግን ባለቤቱ የሚኖረው ከማስታወቂያ ነው። ነገሩ እንዲህ ይሠራል፦ አንድ የጤና ድረ ገጽ ስትከፍቺ ገጹ ላይ ቦታ የተከራየ አስታዋቂ ኩኪ የሚባል ትንሽ ምልክት ብሮውዘርሽ ላይ ያስቀምጣል። ነገ የልብስ ድረ ገጽ ስትከፍቺ ያው አስታዋቂ እዚያም አለ፤ ምልክቱን አይቶ «ይቺ የትናንቷ ናት» ይላል። ጉግል በጥር 2020 ይህን የሦስተኛ ወገን ኩኪ በሁለት ዓመት ውስጥ ከክሮም እንደሚያስወግድ ቃል ገብቶ ነበር። ቀኑን ደጋግሞ ገፋው፤ በሐምሌ 2024 ሐሳቡን ለወጠ። ማስታወቂያ በመከልከል ስሙ የታወቀው ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለ፣ ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራምም ክሮም ደንቡን በመቀየሩ ምክንያት እዚያ መሥራት አቁሟል፤ የቀረው አቅሙ የተቀነሰ ታናሽ ወንድሙ ነው።

ስለዚህ ለስልክሽ፦ ባልደረባሽ ልክ ነው፣ ብሬቭን ጫኚ። ከመጫን በቀር ምንም ሳትነካኪ ማስታወቂያውንና ከድረ ገጽ ድረ ገጽ የሚከታተልሽን ይከለክላል። ለዳታሽም ይበጃል፤ ያልወረደ ማስታወቂያ ሜጋባይት አይበላም፣ ኦፔራ ሚኒንም የያዝሽው ለዚሁ ነበር። አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለኝ። በሰኔ 2025 ተመራማሪዎች ይፋ እንዳደረጉት፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ያሉት የፌስቡክና የኢንስታግራም መተግበሪያዎች ከጀርባ ሆነው በዚያው ስልክ ላይ ያለው ብሮውዘር የሚያነበውን ያዳምጡ ነበር፤ የባለቤታቸው የሜታ ኩባንያ መከታተያ ኮድ ያለበት ገጽ ሲከፈት ጎብኚውን ከፌስቡክ ስሙ ጋር ያገናኙታል። ማንነት የማያሳውቀው መስኮት አላስጣለም፤ ኩኪ ማጥፋትም አላስጣለም። ይፋ ሲሆን አቆሙት። ብሬቭ ግን ድረ ገጾች ያለ ፈቃድ ከስልኩ ውስጥ ጋር እንዳይነጋገሩ ቀድሞ ዘግቶ ስለነበር በዚህ አልተነካም።

ብሬቭ ቅዱስ ነው እያልኩሽ አይደለም። በ2020 ሰዎች የአንድ የክሪፕቶ ገንዘብ መገበያያ አድራሻ ሲጽፉ የራሱን የኮሚሽን ኮድ ከኋላ ሲቀጥል ተይዞ ይቅርታ ጠይቋል። አሁንም ክሪፕቶ ቦርሳ፣ ሽልማት፣ ምናምን የሚል ጌጣጌጥ ይደረድርብሻል። «ቅንብሮች» ውስጥ ገብተሽ ሁሉንም አጥፊና እርሺው። ፋየርፎክስም በአንድሮይድ ላይ ጥሩ ነው፤ ዩብሎክ ኦሪጅንን ሙሉ አቅሙ ሳይቀነስ ይቀበላል። እኔ የምይዘው እሱን ነው፤ ነገር ግን ራስሽ መጫንና ማስተካከል ስላለብሽ ለሌሊት አንባቢ ብሬቭ ይቀላል። ብሬቭ ላይ ወደ ጉግል አካውንትሽ አትግቢ፤ ጂሜይሉን ለመተግበሪያው ተዪለት። ለፍለጋ በጉግል ፈንታ ዳክዳክጎን ብትሞክሪ በእንግሊዝኛ አያሳፍርም፤ በአማርኛ ግን ለእኔ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። በአማርኛ ስትጠይቂ ጉግልን ሳትገቢበት፣ እንደ እንግዳ ተጠቀሚ።

ለላፕቶፑ ፋየርፎክስ። የሚሠራው ሞዚላ ትርፍ ለባለአክሲዮን የማያከፋፍል ድርጅት ያቋቋመው ነው፤ እንጀራውን በአብዛኛው የሚጋግርለት ግን፣ ነገር ቢገርምሽ፣ ጉግልን የመጀመሪያ ምርጫ ስላደረገ የሚከፍለው ጉግል ራሱ ነው። ያም ሆኖ ከ2022 ጀምሮ ኩኪን ለየድረ ገጹ ለያይቶ ያስቀምጣል፤ ቀድሞ ሁሉም ከአንድ ሞሰብ ይጎርስ የነበረው አሁን በየሳህኑ ይቀርብለታል፣ የጤናው ድረ ገጽ ላይ የተቀመጠውን ምልክት የልብሱ አያየውም። ዩብሎክ ኦሪጅንን ጨምሪበት፤ መከላከያውንም «ጥብቅ» የሚባለው ደረጃ ላይ አድርጊው። አንዳንድ ድረ ገጽ ቢሰናከል ለዚያ ብቻ አላሊው።

ጥብቁን የመከርኩሽ በፊደላችን ምክንያት ነው። ኩኪ ሳይኖርም ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር መለየት ይቻላል፤ የስክሪኑ መጠን፣ የሰዓት ክልሉ፣ የተጫኑት የፊደል ዓይነቶች ተደምረው አሻራ ይሆናሉ። እንደ ፓወር ግዕዝ ያለ ፊደል የተጫነበት ላፕቶፕ በዓለም ገበያ መካከል በሐበሻ ቀሚስ እንደመቆም ነው፤ ከሩቅ ይለያል። ጥብቁ ደረጃ ከዚህ አሻራ የተወሰነውን ይሸፍናል። ሌላው የላፕቶፑ ነገር ዕድሜው ነው፦ ለዊንዶውስ 10 ማይክሮሶፍት ይሰጥ የነበረው መደበኛ የጥገና ማሻሻያ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ቆሟል። ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ አሻሽዪው፤ የማይችል ከሆነ ቢያንስ ብሮውዘሩን ሳታዘምኚ አትክረሚ።

የእናትሽን አይፓድ በተመለከተ፣ አብሮት የመጣውን የአፕልን ብሮውዘር፣ ሳፋሪን፣ እንደያዙ ይቀመጡ። አፕል እንደ አውሮፓ ኅብረት ካሉ ጥቂት ቦታዎች በስተቀር በአይፓድና በአይፎን ላይ የሚሠራ ብሮውዘር ሁሉ የሳፋሪን ሞተር እንዲጠቀም ስለሚያስገድድ፣ ስሙ ክሮምም ይሁን ፋየርፎክስ ከሥሩ ያለው አንድ ነው። ሳፋሪ ደግሞ የሦስተኛ ወገን ኩኪን ሙሉ በሙሉ መዝጋት የጀመረው በመጋቢት 2020 ነው፤ ጉግል ቃሉን በገባበት ዓመት እሱ ሠርቶት ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከአሜሪካ የሚላክ አይፓድ ብዙ ጊዜ «ለእማዬ እንዳይከብዳት» ተብሎ በላኪው የአፕል አካውንት ተከፍቶ ይመጣል። እህትሽም እንዲሁ አድርጋ ከሆነ፣ እናትሽ አዳማ የከፈቱት ገጽ ሜሪላንድ እህትሽ ስልክ ላይ ሊታይ ይችላል፤ የእህትሽም ለእናትሽ። የአንቺ ሳሎን ላይ የደረሰው ባሕር ተሻግሮ ማለት ነው። «ቅንብሮች»ን ክፈቺና ከላይ የማን ስም እንደተጻፈ እዪ። የእህትሽ ከሆነ ደውዪላት፤ በስልክ እየተመራራችሁ ለእናትሽ በስማቸው አካውንት አውጡ። ፎቶዎቹን ሳታስቀምጡ ግን አትውጡ፤ የልጅ ልጅ ፎቶ ከጠፋ ተጠያቂው እኔ እሆናለሁ።

የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የምመክርሽ ብሮውዘር የለም። ኮምፒውተሩ የድርጅቱ ነው፤ የሚያስተዳድረው ሰው ከፈለገ ስክሪኑን ራሱን ማየት የሚያስችለው ፕሮግራም ሊጭንበት ይችላል፣ ያን ጊዜ ብሬቭም ቶርም እኩል ናቸው። የግል ነገርሽን በስልክሽ አንብቢ፤ ያውም የመሥሪያ ቤቱን ዋይፋይ አጥፍተሽ በራስሽ ዳታ።

ቶርን ለሚያመልከው ባልደረባሽ ሰላም በይልኝ። ቶር መልእክትሽን በዓለም ላይ በተበተኑ ሦስት ኮምፒውተሮች በኩል እያዞረ ስለሚልክ፣ ከየት እንደተነሳሽና የት እንደደረስሽ አንድ ላይ የሚያውቅ አይኖርም። ምንጩን መደበቅ ያለበት ጋዜጠኛ ይያዘው። የቶር ፕሮጀክት በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የኔትወርኩን ፍሰት በሚመረምር ቴክኖሎጂ መታገዱን ዘግቦ ነበር፤ እንዲህ ያለውን እገዳ ለማለፍ «ድልድይ» የሚባሉ ስውር መግቢያዎች አሉት። ነገር ግን ቀርፋፋ ነው፣ ድረ ገጾችም እየተጠራጠሩ «ሰው መሆንህን አረጋግጥ» ይሉበታል። ከአማትሽ ለመደበቅ ይህን ያህል መንገድ መሄድ አያስፈልግሽም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፦ ኪቦርዱ። የአማርኛ መጻፊያሽ የደጋገምሽውን ቃል ይለምዳል፤ ልጅሽ ስልክሽን ተቀብሎ ለአባቱ መልእክት ሲጽፍ «ማ» ካለ ሊያቀብለው ይችላል። የኪቦርዱን «ቅንብሮች» ከፍተሽ የተማራቸውን ቃላት ሰርዢ።

ቅደም ተከተሉን ከጠየቅሽኝ ዛሬ ማታ ላፕቶፑን፣ ነገ ስልክሽን፣ እሑድ እህትሽ ከሥራ ስትገባ የእናትሽን አይፓድ። ልጅሽም ስለ ማይጨው የጀመረውን ካልጨረሰ በራሱ መግቢያ ገብቶ ይቀጥል።